ምዕራፍ አራት፦ ስንት ደጅ ይከፍታል?

ሀዋሳ ከሃያ ዓመት በላይ የቢሮ ከተማ ነበረች። የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ስለነበረች ጤና ቢሮው፣ ትምህርት ቢሮው፣ ግብርና ቢሮው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱና ምክር ቤቱ ሁሉም እዚሁ ነበሩ። ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ክልል ባለጉዳይ ሀዋሳ ይመጣል፣ ሆቴል ያድራል፣ ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ኮፒ ያስነሳል። የቢሮው ሠራተኛ ቤት ይከራያል፣ ልጁን የግል ትምህርት ቤት ያስገባል። በዚህች ከተማ ያደገ ልጅ ሥራ ሲባል ፊቱ ድቅን የሚለው ማኅተም፣ ፋይልና ወር ሲሞላ የሚገባ ደመወዝ ቢሆን አይደንቅም። ማኔጅመንት፣ ሕግ ወይም ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን መማር ማለት ከእናት ቤት ሳይርቁ በአንዱ ቢሮ በር መግባት ማለት ነበር።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጠ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። በ2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ራሱን ችሎ ወጣ። ነሐሴ 2015 ላይ የቀረው ክልል ለሁለት ተከፈለና ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተመሠረቱ። ቢሮዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሆሳዕና ሄዱ። ሀዋሳ ላይ የቀሩት የሲዳማ ክልል ቢሮዎች የሥራ ቋንቋቸው ሲዳምኛ ነው። እንግዲህ በ2011 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባን አንድ የሀዋሳ ልጅ አስቡት። መስኩን ሲመርጥ ያየው የሥራ ገበያና ተመርቆ ሲወጣ የጠበቀው የሥራ ገበያ ለየቅል ነበሩ። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ወላጆቹም ክፉ አልመከሩትም። የመከሩት ግን ባዩት ነበር፤ ያዩት ደግሞ እሱ ሲመረቅ አልጠበቀውም።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይህ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር፣ የፍሬሽማን ዓመት ባለቀ ቁጥር በየቤቱ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ “ሥራ ያለው ፊልድ የቱ ነው?” ጥያቄው ከፍቅር የሚመነጭ ነው፤ እህልና ከብት ሸጦ፣ ዕቁብ ጥሎ ልጅ ያስተማረ ቤተሰብ ቢጠይቀው ያምርበታል። ችግሩ መልሱ ሁልጊዜ ስለ ዛሬ መሆኑ ነው። ልጁ ግን የሚመረቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ኢንጂነሪንግ ከሆነ ከአምስት፣ ሕክምና ከሆነ ከዚያም በላይ ዘግይቶ።

የዚህን የዓመታት ክፍተት ጉዳት ከሁሉ አስቀድመው ያጠኑት ስለ ገበሬ የተጨነቁ ምሁራን ናቸው። ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ በባቱና በመቂ አካባቢ የምታዩትን የቲማቲም ማሳ አስታውሱ። ዘንድሮ ቲማቲም ተወደደ እንበል። ገበሬው ሁሉ ያንን ዋጋ አይቶ ቲማቲም ይተክላል። ምርቱ የሚደርሰው ግን ሁሉም በአንድ ላይ ነው፤ ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው ወድቆ ሣጥን ሙሉ ቲማቲም ከመንገድ ዳር ይበሰብሳል። የተማረረው ገበሬ በቀጣዩ ወቅት ሌላ ይዘራል፤ ያኔ ቲማቲም ይጠፋና ዋጋው እንደገና ይሰቀላል። ይህ መዋዠቅ በሥዕል ሲቀመጥ መስመሮቹ የሸረሪት ድር ስለሚመስሉ ሐሳቡ የሸረሪት ድር ንድፈ ሐሳብ ተባለ፤ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሞርዴካይ ኢዝኪኤልም እ.ኤ.አ. በ1938 በዚሁ ስም ጽፎበታል። የሃርቫርዱ ሪቻርድ ፍሪማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህንኑ ወደ ዩኒቨርሲቲ አመጣው። በአሜሪካ የኢንጂነሮች መነሻ ደመወዝ ከፍ ባለ ጊዜ ብዙ ወጣት ኢንጂነሪንግ ይገባል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ሁሉም በአንድ ላይ ይመረቃል፤ ደመወዙ ይወርዳል፤ ያንን ያየው ታናሽ ወንድም ፊቱን ያዞራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢንጂነር እንደገና ይጠፋል። ማንም ሞኝ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ልጅ በዓይኑ ባየው ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው የወሰነው። ማስረጃው ግን ዕድሜው አጭር ነበር።

በእኛ አገር ይህ መዋዠቅ በግለሰቦች ምርጫ ብቻ አልመጣም። መንግሥት ራሱ አንድ ማሳ ላይ አብዝቶ ተከለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው 70 በ30 ፖሊሲ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ አዘዘ። የጊዜው ምክንያት ግልጽ ነበር። ኮንዶሚኒየም በየከተማው ይገነባል፣ መንገድ ይዘረጋል፣ የስኳር ፋብሪካዎች ይታቀዳሉ፤ መጋቢት 2003 ላይ የህዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለ። መሐንዲስ ያስፈልግ ነበር፤ በእርግጥም ያስፈልግ ነበር። በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲቪል፣ ኤሌክትሪካልና ሜካኒካል ዲፓርትመንት የደረሰው ልጅ ሰፈሩን ሙሉ የሚያኮራ ነበር። ከዚያ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ናረ፤ ፕሮጀክቶች ተጓተቱ፤ ወረርሽኝና ጦርነት ተከተሉ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ማስመረቃቸውን አላቆሙም። ማሳው ላይ የተተከለው በሙሉ በየዓመቱ እየደረሰ ወጣ።

እዚህ ላይ አገር ያስፈልጋታል የሚለውና ቀጣሪ አለ የሚለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። የሕክምና ሙያ ከሁሉ በላይ ያስተምረናል። ኢትዮጵያ ሐኪም አልጠገበችም፤ ለአሥር ሺህ ሕዝብ የሚደርሰው ሐኪም ከአንድ ብዙም አይዘልም። መንግሥት ይህን ለማቃለል በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከአሥር በላይ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ባንድ ጊዜ ከፈተ፤ ነባሮቹም ቅበላቸውን አሳደጉ። ለረጅም ጊዜ ተመራቂ ሐኪም የሥራ ቦታው በዕጣ ይመደብለት ስለነበር ሕክምና የገባ ልጅ ሥራ ያጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። በኋላ ግን ሥራ ፈላጊ ሐኪሞች በአደባባይ ድምፃቸውን ሲያሰሙ ሰማን። በሽተኛው አልቀነሰም። የጎደለው በጀት የተያዘለት የሥራ መደብ ነው። አንድ ክልል ሆስፒታሉ ውስጥ አሥር ሐኪም እያስፈለገው ለአራት ብቻ ደመወዝ ካለው አራት ይቀጥራል። ሙያ የሚመርጥ ልጅ “ይህ ሙያ ለአገር ይጠቅማል?” ብሎ መጠየቁ የተቀደሰ ነው፤ ቀጥሎ ግን “ደመወዙን ከየትኛው ኪስ አውጥቶ ማን ይከፍላል?” ብሎ መጠየቅ አለበት።

እንደዚህ መጠየቅ ለእኛ ይከብደናል፤ የሚከብደን ደግሞ በታሪክ ምክንያት ነው። በደርግ ዘመን ከከፍተኛ ትምህርት የወጣ ሰው ሥራ አይፈልግም ነበር፤ ሥራ ይመደብለት ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ ተመራቂው ጥቂት ነበር። ዲግሪ ማለት ደመወዝ ማለት ነው የሚለው እምነት በአያቶችና በወላጆች ልብ የታተመው ያኔ ነው፤ በዘመኑም እውነት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ተማሪዎች ሲመረቁ የት እንደሚሠሩ አይጨነቁም ነበር፤ እርሻ ሚኒስቴር፣ ምርምር ጣቢያና የመንግሥት እርሻ ይጠብቃቸዋል። ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት ደን ኮሌጅና ከዲላ ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በኋላ ዲላ ተለይቶ ሲወጣ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ። ዛሬ ከአገሪቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። በዚህ መሀል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ45 በላይ ሆኑ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ምደባው ከጥቂት ሙያዎች በቀር ቀረ። እምነቱ ግን አልቀረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ወጣቶች ኮብልስቶን ሲጠርቡና ሲያነጥፉ ሲታይ አገር የደነገጠው ለዚህ ነው። ሥራው ክቡር ነበር፤ ያስደነገጠው የተገባው ቃል የታጠፈ መምሰሉ ነው።

ሀዋሳ ግን ከቢሮ ሌላ አንድ ትልቅ ተስፋ አይታለች፤ እሱን በደንብ ማየት ይገባል። ሐምሌ 2008 ላይ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ ሼዶቹን በዘጠኝ ወር ገደማ አቁሞ አስረከበ፤ ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የተጠቀመበትን ውኃ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ፍሳሹን ወደ ሐይቁ የማይለቅ ተብሎ ተወደሰ። ዋናው እንግዳ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ልብሶች ባለቤት ነው። ከሕንድ፣ ከስሪላንካ፣ ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያ አምራቾች ተከትለውት ገቡ። 60,000 ሰው ይቀጠራል ተባለ፤ በተግባርም ከ30,000 በላይ ሰው የሠራበት ጊዜ ነበር።

ታዲያ ብዙ ቤተሰብ “ፓርኩ አጠገባችን ነው፤ ልጃችን ተምራ እዚያ ትገባለች” አለ። እዚህ ላይ ዝርዝሩን ማየት የሚችል ሰው ይጠቀማል። ከፓርኩ ሠራተኞች እጅግ የሚበዙት ስፌት ላይ የሚቀመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለዚያ ሥራ ዲግሪ አይጠየቅም፤ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ዲግሪ የሚጠይቁት ቦታዎች ሌሎች ናቸው፦ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የሠራተኛ ደህንነት ቁጥጥር፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የምርት ሂደትን በደቂቃ የሚለካ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር፣ የማሽን ጥገና፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ኬሚስት፣ የሒሳብና የጉምሩክ ሰው። ቁጥራቸው ከስፌተኛው ጋር አይወዳደርም፤ መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹን የኃላፊነት ቦታዎች የያዙት ደግሞ በሙያው ዓመታት ያሳለፉ የውጭ ዜጎች ነበሩ። አንድ ፋብሪካ ሺህ ሰው ቀጠረ ሲባል “ስንቱ በዲግሪ?” ብሎ ያልጠየቀ ቤተሰብ ልጁን የሚልከው ወዳልተከፈተ በር ነው።

ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ። የፓርኩ ምርት በዋናነት የሚሸጠው አሜሪካ ነበር፤ ያዋጣ የነበረውም አጎዋ በሚባለው ሕግ ያለ ቀረጥ ስለሚገባ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ አስታወቀ፤ ፒቪኤች ኅዳር 2014 ላይ እንደሚወጣ ተናገረ፤ ታኅሣሥ 2014 ላይ ዕድሉ ተዘጋ። ስፌተኛዋ መርፌዋን በትክክል ትሰካ ነበር፤ የጥራት ተቆጣጣሪው ሥራውን በትክክል ይሠራ ነበር። በሩ የተዘጋው ዋሽንግተን ላይ ነው። በአንድ ገዢ፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ የቀረጥ ሕግ ላይ የቆመ ሥራ ያ አንዱ ምሰሶ ሲነሳ ሁሉም አብሮ ይወርዳል።

የቢሮዎቹን መሄድ፣ የኢንጂነሩን ብዛት፣ የሐኪሙን ወረፋ፣ የፓርኩን መቀዝቀዝ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የማየው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሙያ በጊዜው ሥራ ያለው ፊልድ ነበር፤ የተጎዳው ግን ከፋዩ አንድ ብቻ የሆነበት ነው። ስለዚህ ለልጆቼም ለአንባቢዬም የምመክረው ሥራ ያለውን ፊልድ መፈለግ ትተው የፊልዱን ደጆች እንዲቆጥሩ ነው። ይህ ዲግሪ በስንት ዓይነት ከፋይ ደጅ ያስገባል? መንግሥት አንድ ደጅ ነው፤ ወረዳው፣ ዞኑና ክልሉ በተለያየ ቤት ቢቀመጡም በጀታቸው የአንድ ምንጭ ስለሆነ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የግል ድርጅት ሌላ ነው። ግብረ ሰናይ ድርጅት ሌላ ነው። ራሱ ደንበኛ ይዞ የሚሠራበት ሌላ ነው። ሲቆጠር ገንዘቡ የሚመጣበት ቧንቧ ይታይ እንጂ የድርጅቶቹ ስም አይብዛ። በርካታ የጤናና የሥነ ምግብ ተመራቂዎች “እኔ መንግሥት ላይ አልተማመንም፤ ኤንጂኦ እገባለሁ” ይሉ ነበር፤ ሃያ ድርጅት ይዘረዝራሉ። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ከሃያው ብዙዎቹ የሚጠጡት ከአንድ ቧንቧ እንደነበር ታወቀ፤ በጤና ሚኒስቴር በኩል በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሳይቀሩ ውላቸው ተቋረጠ።

አካውንቲንግን እንውሰድ። ባንክ አለ፤ ዛሬ ሀዋሳ ላይ የአገሪቱ ባንኮች ቅርንጫፎች በየመንገዱ ናቸው፣ ሲዳማ ባንክም መነሻው እዚሁ ነው። ሆቴልና ሪዞርት አለ፤ ቡና ላኪ አለ፤ የግል ሆስፒታል አለ፤ ገቢዎች አለ፤ ለነጋዴው የግብር ሒሳብ የሚሠራ የግል ቢሮ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ስላስገደደ ይህን በደንብ የሚያውቅ ሰው ተፈላጊ ሆነ። ደጁ ብዙ ነው። ግን እያንዳንዱ ደጅ ፊት ያለው ሰልፍም ረጅም ነው፤ አካውንቲንግ የማያስተምር የግል ኮሌጅ የለም ማለት ይቻላል። ሰልፉ ሲረዝም የሚለየው ዲግሪው መሆኑ ይቀራል። ፒችትሪ ላይ ራሱን ችሎ የሚሠራ፣ የግብር ማስታወቂያ ያለ ስህተት የሚሞላ፣ ኤክሴልን እንደ እጁ የሚያውቅ ይለያል። አካውንቲንግ የመረጠች ልጅ እነዚህን ሦስተኛ ዓመት ሳይደርስ መጀመር አለባት።

ፉድ ሳይንስ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ደጁ ጥቂት፣ ሰልፉም አጭር። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የይርጋለም የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቮካዶ ዘይት ይጨመቅበታል፤ ሀዋሳ ላይ የቢራና የለስላሳ ፋብሪካ አለ፤ ዱቄት ፋብሪካ አለ፤ የሲዳማ ቡና ጥራት የሚቀምስ ባለሙያ ይፈልጋል። መስኩን የወደደ ልጅ ይህን ይመልከት፤ ስሙ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ብቻ አይሽሽ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ በበኩሉ ግንባታ ሲቀዘቅዝ የሚጎዳ ቢሆንም ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው፣ ሆስፒታሉ መሣሪያ አለው፣ ቴሌኮሙ አንቴና አለው፣ የሶላር ሻጩም ገጣጣሚ ይፈልጋል። ደጆቹ ከሲቪሉ ይልቅ የተበተኑ ናቸው፤ እኔ በግሌ ሚዛኔ ወደዚያ ያደላል።

ስለ ዲግሪ ስም አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ፤ ብዙ ልጅ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነውና። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ላለፉት ሃያ ዓመታት ስማቸው የጠበበ ፕሮግራሞችን ከፍተዋል። ልጅ ስሙን አይቶ ይማረካል፤ አዲስና የተለየ ይመስላል። ተመርቆ የመንግሥት ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሲቆም ግን ማስታወቂያው የሚጠራው የታወቁትን ስሞች ነው፤ የእሱ ዲግሪ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። “ወይም ተዛማጅ” የሚል ከተጨመረበት ተስፋ አለ፤ ካልተጨመረ የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ማስረጃውን አገላብጣ “የኔ ወንድም፣ ይህ ከመደቡ ጋር አይያያዝም” ትለዋለች። የተማረው ትምህርት ግን ሦስት አራተኛው ከሚፈለገው ጋር አንድ ነበር። ስለዚህ በዲግሪ ደረጃ ሰፋ ያለ ስም ያለውን መያዝ፣ ጠባቡን ለማስተርስ ማቆየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ለማወቅ አማካሪ ድርጅት አያስፈልግም። አንድ ደብተርና ብርቱ እግር ይበቃል። የሪፖርተር ጋዜጣን የረቡዕና የእሑድ የሥራ ማስታወቂያዎች ለጥቂት ወራት አንብቡ፤ እያንዳንዱን ማስታወቂያ ከፋዩ ማን እንደሆነ፣ ምን ዲግሪ እንደጠራ፣ ስንት ዓመት ልምድ እንደፈለገ፣ ምን ሶፍትዌርና ምን ቋንቋ እንደጠየቀ ጻፉ። “0 ዓመት” የሚሉትን ለብቻ ምልክት አድርጉባቸው፤ ለአዲስ ተመራቂ የተከፈቱት እነሱ ብቻ ናቸው። የሲዳማ ክልል ማስታወቂያዎችንም አንብቡ፤ ሲዳምኛ የማይናገር የሀዋሳ ልጅ ከተማው ውስጥ ካሉት የመንግሥት ደጆች ብዙዎቹ እንደሚዘጉበት ያያል፤ አራት ዓመት ደግሞ ቋንቋ ለመማር በቂ ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ ሰው ሂዱ። የምታስቡትን መስክ ተምረው ከወጡ ሁለት ሦስት ዓመት የሆናቸውን ፈልጉ። ለሃያ ዓመት የሠራው የክፍል ኃላፊ የሚነግራችሁ የራሱን ዘመን ነው። አዲሶቹን “ሥራ አለው?” ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ “ከክፍላችሁ ልጆች አሁን ማን የት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ አስተያየት መስጠታቸውን ትተው ስም እየጠሩ ይቆጥሩላችኋል፦ አንዷ ባንክ፣ አንዱ ባጃጅ፣ ሁለቱ ማስተርስ፣ አንዷ ዱባይ።

የት እንደምትማሩም ከምን እንደምትማሩ እኩል መታየት አለበት፤ በተለይ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ። ሐምሌ 2015 ላይ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም መስኮች ሲሰጥ ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ነበሩ፤ ወደ 40 በመቶ። የመንግሥት ተቋማት ተማሪዎች 62 በመቶ ያህል ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። አራት ዓመት ከፍለው ዲግሪ ሳይዙ መውጣት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የግል ኮሌጅ ሁሉ ደካማ ነው አልልም፤ ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን የዚያን ዲፓርትመንት የመውጫ ፈተና ውጤት ጠይቁ። የኮሌጁን አጠቃላይ ውጤት ከሰጧችሁ አትቀበሉ፤ የምትማሩት በአንድ ዲፓርትመንት ነው። እውቅናውንም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። እውቅና የሚሰጠው ለፕሮግራምና ለካምፓስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ እውቅና ያለው ኮሌጅ ሀዋሳ ላይ ለዚያው ትምህርት ላይኖረው ይችላል።

ፖሊቴክኒክን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። የቀሩት ልጆች አገር ናቸው። በጥገና፣ በኤሌክትሪክ፣ በብረታ ብረት፣ በምግብ ዝግጅት ደረጃ 3 ወይም 4 ይዞ የብቃት ምዘናውን ያለፈ ልጅ ሀዋሳ ላይ ያሉት ደጆች ከብዙ ዲግሪ ይበልጣሉ፤ ከፋዩም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው። ወላጅ “ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው” የሚለውን ቃል ስለሚወድ ብቻ ልጁን ሰልፉ ወደ ረዘመበት ዲግሪ መግፋቱ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የልጁ ዝንባሌ የት ገባ? ትልቅ ቦታ አለው፤ ምክንያቱም በአንድ ሰልፍ ላይ ከተሰለፉት መቶ ልጆች መካከል የሚቀጠሩት ብዙ ጊዜ ነገሩን የወደዱት ናቸው። ሒሳብ የሚጠላ ልጅ ሥራ አለው ተብሎ አካውንቲንግ ቢገባ አራት ዓመት ይጎተታል፤ የመውጫ ፈተናው ላይ ይወድቃል ወይ ለትንሽ ያልፋል፤ የሰልፉም መጨረሻ ላይ ይቀራል። ደጅ የበዛበት መስክ ለእሱ ደጅ የለውም። ስለዚህ እናት “ልጄ፣ ሥራ ያለውን ምረጪ” ስትል ልጅቱ “እማዬ፣ ደጅ የበዛላቸውን ሦስት መስኮች ጽፌያለሁ፤ ከሦስቱ የምወደውን ልምረጥ” ብትላት ሁለቱም የየራሳቸውን ያገኛሉ።

ቅጹ ላይ ግን ሦስቱንም በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዲፓርትመንት የሚደርሰው በምርጫ ብቻ አይደለም፤ በፍሬሽማን ውጤትና በቦታው ብዛት ነው። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያ ምርጫውን ለሳምንታት ያስብበትና ከሁለተኛ ጀምሮ ያለውን በአምስት ደቂቃ፣ ጓደኛው እንደሞላው ይሞላል። ከዚያ አራተኛው ይደርሰውና ያላሰበበትን ሙያ አራት ዓመት ይማራል። ፍሬሽማን ላይ ያላችሁ ልጆች የቀደሙት ዓመታት ዲፓርትመንቶች በስንት ጂፒኤ እንደተዘጉ ከሲኒየሮቻችሁ ጠይቁ፤ የራሳችሁን ውጤት ከዚያ ጋር አመዛዝኑ፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምርጫ ልክ እንደ መጀመሪያው ደጁን ቆጥራችሁ ሙሉ። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ መቀየር የሚፈቀድ ከሆነም ቀኑን ጠብቁ፤ ቀድሞ ማስገባት ቅድሚያ አያሰጥም።